የተሰማ ደወል

ጋፋት ያንን ትልቅ መድፍ ያቀለጡበትን ቦታ ለማየት የሚመጣ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ፣ አብዛኛው ውሃ ልጠጣ ብሎ እኔ ዘንድ ጎራ ይላል። ሲሠራ አይተው ይሆን ብሎ ይጠይቀኛል፤ አይቻለሁ እለዋለሁ። ምን ያህል ይከብድ ነበር፣ ስንት ሰው ጎተተው ይለኛል፤ የማውቀውን እነግረዋለሁ። አመስግኖኝ ይሄዳል። ስለ ደወሉ ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል። የልጅ ልጄም ብራና የሚጽፍ ደብተራ ሆኖልኛልና፣ እኔ ልናገር እሱ ይጻፈው፤ እናንተም አንብቡት።

ስሜ አትጠገብ ነው። ያን ጊዜ ባሌን ፈትቼ ወደ እናቴ ቤት የተመለስኩ ወጣት ሴት ነበርኩ። አባታችን በተስቦ ከሞቱ በኋላ ቤቱን የያዘችው እናታችን ነበረች። ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ። ትልቁ ተሰማ ንጉሡን ተከትሎ ዘመተ፤ ትንሹ መርሻ እርሻውን ያዘ። ተሰማ ሲሄድ እናቴ እስከ ወንዙ ሸኝታው ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲያ በአካል አላየነውም።

ከወሎ ዘመቻ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እንግዳ የሚባለው የተሰማ ጓደኛ የወንድሜን በቅሎ እየሳበ ደጃችን ደረሰ። እንግዳን እናውቀዋለን፤ ከተሰማ ጋር አብሮ ያደገ፣ በእናቴ ገበታ የበላ ሰው ነው። በእጁ የተሰማን ማተብና ዝናር ይዟል። እናቴ ማተቡን ስታይ አልጮኸችም፤ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ንገረኝ አለችው። እንግዳም ነገራት። ተሰማ ከፊት ተሰልፎ ሲዋጋ በጦር ተወግቶ እንደ ወደቀ፣ እሱን እንግዳን ለማዳን ብሎ እንደ ሞተ፣ ሠራዊቱ ይጓዝ ስለነበር እዚያው ሜዳ ላይ እንደ ቀበሩት ነገራት። እናቴ ሁሉንም ጠየቀችው። የት ላይ ነበርክ፣ ምን ዓይነት ፈረስ ተቀምጦ ነበር፣ ፀሐይዋ የት ደርሳ ነበር። ሁሉንም መለሰላት።

እናቴን ያቃጠላት ሞቱ ብቻ አልነበረም። ሄዳ የምታለቅስበት መቃብር አለመኖሩ ነው። ወራት ካሰበች በኋላ በቅሎዋንና የአንገቷን ብር ሸጠች፤ ጎንደር ሰው ልካም ለደብራችን የናስ ደወል አሠራች። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያናችን የነበራት የድንጋይ ደወል ነው። ናሱ መጥቶ ከወይራው ላይ ሲሰቀል አገሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። በከንፈሩ ዙሪያ «ለተሰማ ነፍስ መታሰቢያ» የሚል ተቀርጾበታል። በሙት ዓመቱ ተዝካር ቀን ገመዱን መጀመሪያ የሳበው እንግዳ ነበር፤ እናቴ ናት እሱ ይሳበው ያለችው።

ከዚያ ወዲያ ደወሉ በተደወለ ቁጥር እናቴ የያዘችውን ሁሉ ታስቀምጥ ነበር። እህል እየሰፈረችም ቢሆን፣ ከሰው ጋር እየተነጋገረችም ቢሆን፣ ዝም ብላ ድምፁ እስኪያልቅ ትሰማለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ልጁን እየሰማች ነው ይል ነበር ጎረቤቱ።

በኋላ ንጉሡ ጋፋት ላይ ፈረንጆችን ሰብስበው መድፍ ማሠራት ጀመሩ። ናስና መዳብ ያለው ሁሉ ያምጣ ተባለ። ሰው የበቅሎ ቃጭሉን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ሳህኑን ሰጠ። የሌሎች አድባራት ደወል ሲወርድ ስንሰማ፣ የደብራችን አገልጋይ ቄስ ወልዴና እናቴ ተመካክረው የኛን አስወረዱት። መርሻ ከአውድማችን ጀርባ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ደወሉን ቀብረን የጭድ ክምር ጫንበት።

ብዙም አልቆየም፤ ናስ የሚሰበስቡ ወታደሮች ወደኛ መጡ። አለቃቸው እንግዳ ነበር። ሻለቃ ሆኗል፤ ጺሙም ሸብቷል። እናቴ ስታየው ደስ አላት፤ የራሳችን ሰው ነው፣ ያልፈናል አለች። እሱ ግን በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ወይራውን ቀና ብሎ አየ። ገመድ የበላው የቅርንጫፉ ቁስል ገና አልደረቀም። ቄስ ወልዴ ከናንተ በፊት ሌሎች ወታደሮች መጥተው ወስደውታል አሉ። እንግዳ አልተቆጣም። «አባ፣ ገመዱን መጀመሪያ የሳብኩት እኔ ነኝ። ይህ ደወል ጋፋት ቢገባ ኖሮ ሳላውቀው አልቀርም ነበር» አለ።

ከዚያ ወደ አውድማችን መጣ። መርሻ ገብስ እየወቃ ነበር። እንግዳ ጭዱ ሥር ያለውን ሳያውቅ ክምሩን ተደግፎ ቆመና መርሻን እሰሩት አለ። ደወሉ ሲመጣ እሱም ይመጣል አለን። እናቴ የጋቢውን ጫፍ ይዛ ለመነችው። እሱ እጇን ቀስ ብሎ አላቀቀ፤ ወንድሜንም ከፊታቸው ነድተውት ሄዱ። መርሻ ዞር ብሎ በሬዎቹን ውሃ አጠጡልኝ አለ፤ ሌላ አልተናገረም።

በማግስቱ በሶና ዳቦ ይዤ ጋፋት ወረድኩ። ቦታው ከሩቁ በጭሱ ይታወቃል። ወናፉ ሲነፋ ምድር የሚተነፍስ ይመስላል። ከሰል የሚሸከመው፣ ሸክላ የሚያቦካው፣ እንጨት የሚፈልጠው ሰው ለጉድ ነው። ከምድጃው ወዲህ የናሱ ክምር ነበር፤ ጽናጽል፣ ቃጭል፣ የተሰበረ መስቀል፣ የሕፃን አምባር ሳይቀር። መርሻን ከሰል ተሸክሞ አገኘሁት። ፊቱ ጠቁሯል፤ ትከሻው ቆስሏል። ዳቦውን ቆርሶ ለጓደኞቹ አካፈለ። «እምዬ ደወሉን እንዳትሰጥ ንገሪያት፤ እኔ እችለዋለሁ» አለኝ። አለመቻሉን ዓይኑ ይናገር ነበር።

እንግዳን ዝግባ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። እጅ ነስቼ ቆምኩ። መርሻን ይልቀቁልኝ፣ ከእናቴ ቤት የቀረ ወንድ እሱ ብቻ ነው አልኩት። ደወሉን አምጡ አለ። ያ ደወል መቃብር ነው አልኩት። «ጋሼ፣ ሌላው ባያውቅ እርስዎ ያውቃሉ። ወንድሜ የሞተው እርስዎን ለማዳን ነው» አልኩት።

ያን ስናገር አጠገቡ የነበሩትን ወታደሮች እንዲሄዱ አዘዛቸው። ከዚያ ወደኔ ሳያይ፦

«ተሰማ በጦር አልሞተም» አለኝ።

የነገረኝ እንዲህ ነው። ሰፈሩ ተርቦ ነበር። የመኸር ወራት ስለነበር ተሰማ ነጋ ጠባ ስለ ገብሳችን ያወራል። እናቴ ብቻዋን ናት፣ መርሻ ልጅ ነው፣ አጭጄላቸው እመለሳለሁ ይላል። አንድ ቀን ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ከሰፈሩ ወጣ። ከሰፈር የከዳ ይገደል የሚል ትእዛዝ ነበር። ያሉበትን የሚያውቅ ሰው ይሂድና ይያዛቸው ተባለ፤ እንግዳም ተላከ። በሽሎ ወንዝ ላይ፣ ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቁ ደረሰባቸው።

«የተላክሁት እኔ ነበርኩ» አለ። «ባልመልሰው በሱ ፋንታ እኔ ነበርኩ የምሞተው። መለስኩት። ሊገድሉት ሲወስዱት ፊቴን አይቶ አልሰደበኝም። ለእናቴ እንዳትነግራት ብቻ አለኝ። ከዳ ቢባል ርስታችሁም ይወረስ ነበር። ስለዚህ ያንን የጦር ሜዳ ወሬ ፈጠርኩላችሁ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ወናፉ ይነፋል፤ መዶሻው ይመታል፤ ሰው ይጠራራል። ወንድሜን አንቆ የሰጠው ሰው ፊቴ ተቀምጧል፤ ለስሙ የተሰቀለውን ደወል መጀመሪያ የደወለው እሱ ነው። ብዙ ነገር ልናገር ፈለግሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን አንድ ብቻ ነበር።

«ለምን ዛሬ ነገሩኝ?»

«ለውሸት ብላችሁ መርሻን እንዳታጡ ነው» አለ።

ሐዘኔታ ይሁን ብልጠት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ያን ቀን ጠላሁት። ግን ከተሰማ ጋር እየተሳሳቀ ከቤታችን ሲገባ ሲወጣ የነበረውን ልጅም በፊቱ ላይ አየሁ፤ ይህን ማየቴ ጥላቻዬን አባሰው እንጂ አላበረደውም።

መንደራችን ስደርስ እናቴና ቄስ ወልዴ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀምጠው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ቄስ ወልዴ ደወሉ አንዴ ከተሰጠ የታቦቱ ነው፣ አንቺ አውጥተሽ የምትሰጪው አይደለም ይላሉ። እናቴ ወደኔ ዞራ ምን አለሽ አለችኝ። አንድ ቃል ብናገር ክርክሩ ያልቅ ነበር። እንግዳ ደወሉ ካልመጣ መርሻን አልለቅም ብሏል አልኳት፤ ሌላውን ዋጥኩት። ተሰማ ራሱ አትንገራት ካለ፣ እኔ ማን ነኝ?

እናቴ ተነሳች። «አባ፣ የሞተው ልጄ ይቅር ይለኛል። ያለውን ባስገድለው ግን ማን ይቅር ይለኛል?» አለች።

ቄስ ወልዴ አላየሁም አልሰማሁም ብለው ፊታቸውን ወደ ቤተ መቅደሱ አዞሩ።

ጭዱን እኔ ገፋሁ፤ ጉድጓዱን እናቴ በዶማ ቆፈረች። ላግዝሽ ስላት አልሰጥም አለች። ደወሉ ጭቃ ለብሶ ወጣ። በእንስራ ውሃ ቀዳች፣ ጎንበስ ብላ ውስጡንም ውጩንም አጠበችው፣ በነጠላዋም አደረቀችው። ፊደል አታውቅም፤ ግን በጣቷ የልጇን ስም እየተከተለች ዞረችው። መንገድ ላይ ድምፅ እንዳያሰማ ምላሱን በጨርቅ አሰረችው። ከዚያ በንጹሕ ኩታ ሬሳ እንደሚገነዝ ገነዘችው። ለቅሶው ያኔ ነው የመጣላት። ተሰማ ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም።

በማግስቱ ጠዋት በአህያ ጭነን ጋፋት ገባን። እናቴ እንግዳን ስታይ ጉንጮቹን ስማ ልጄ አለችው፤ ክፉ ቃል አልወጣትም። ኩታውን ራሷ ፈታች። ሠራተኞቹ ሊያነሱት ሲሉ ቆዩ አለችና ወደ እንግዳ ዞረች።

«ከመቅለጡ በፊት ልጄ እንዴት እንደ ሞተ አንድ ጊዜ ንገረኝ» አለችው።

እንግዳ አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። እሱም ያንኑ ደገመላት። ከፊት እንደ ነበር፣ ጦሩ እንዴት እንደ ተወረወረ፣ ተሰማ እንዴት ዘሎ በመካከል እንደ ገባ ነገራት። ዳማ ፈረሱ ላይ ሆኖ ሲል እናቴ አቋረጠችው። «ቡላ ነበር ያልከኝ» አለችው በለሆሳስ። «አዎ እምዬ፣ ቡላ ነበር» አለ። እስከ መጨረሻው ነገራት፤ እሷም እያንዳንዱን ቃል አስቀድማ እንደምታውቅ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ሲጨርስ እግዜር ይስጥልኝ አለችው። ከዚያች ሰዓት የከፋ ሰዓት በሕይወቴ አላየሁም።

ደወሉ ለምድጃው አፍ ሰፋ። መሰበር ነበረበት። ምላሱን ነቅለው ጣሉና ሁለት ሰዎች መዶሻ አነሱ። የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ ደወሉ ደህና አድርጎ ጮኸ፤ እንደ ቅዳሴ ቀን። ከሰል ተሸካሚው ቆመ፤ አንዳንዱ አማተበ። እናቴ እንደ ልማዷ ዝም ብላ ድምፁ እስኪያልቅ ሰማች። ሁለተኛው ምት ሰነጠቀው። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የማንኛውም ብረት ድምፅ ነበር።

«አሁን መርሻን አምጣልኝ» አለች እናቴ።

እንግዳ ፊቱን ወደ ናሱ ክምር አዞረ። መርሻና ጓደኞቹ ጎህ ሲቀድ ወደ ገሳይ ለመድፉ መንገድ ሥራ ተወስደዋል፤ ትእዛዙ ከበላይ ነው፤ መንገዱ ሲያልቅ ይመለሳል አለን።

«ታዲያ ደወሉን ለምን ተቀበልከኝ?»

እንግዳ ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ። እሷም አልረገመችውም። ባዶውን ኩታ አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ አህያዋን ነዳን፤ ቤታችን እስክንደርስ አልተነጋገርንም።

መንገዱ አላለቀም፤ ቢያልቅም ለኛ አልነበረም። ንጉሡ ሠራዊቱንና መድፉን ይዘው ሲነሱ ከተማው ደብረ ታቦር ተቃጠለ፤ እኛ ገደል ለገደል ተደብቀን ከረምን። መድፉ በገሳይ በኩል አለፈ ሲባል ሰማን። ከዚያ አንድ የገሳይ ሰው መጥቶ አረዳን። የመድፉ ጋሪ ቁልቁለት ላይ ሲያመልጥ ገመዱን ይዘው ከነበሩት መካከል መርሻ አንዱ ነበር። ከመንገዱ ዳር ቀብረው ድንጋይ ከምረውበታል አለን።

የንጉሡ ሞት ከተሰማና አገር ትንሽ ከረጋ በኋላ፣ እናቴና እኔ ፈልገን ሄድን። ከኮሶ ዛፍ አጠገብ ነው ተብለን ነበር። ዛፉ ሁሉ ለማገዶ ተቆርጧል። የድንጋይ ክምሩ ደግሞ አንድ አይደለም፤ በመንገዱ ዳር ሁሉ ክምር ነው፤ ሁሉም ይመሳሰላል፤ አንዱም ስም የለውም። እናቴ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ድንጋዮቹን በእጇ ዳሰሰች። በመጨረሻ አንዱ ዘንድ ተቀመጠች።

«ይሄ ነው» አለች።

በምን አወቅሽ አላልኳትም። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ዳቦ ጋግረን እንሄድ ጀመር። እሷ ክምሩን ታስተካክላለች፤ ሣሩን ትነቅላለች፤ ከመርሻ ጋር ስለ በሬዎቹ ታወራለች።

አንድ ዓመት ስንደርስ ክምራችን ላይ ሌላ ሴት አገኘን። ከበለሳ የመጣች፣ እኩያዬ የምትሆን ሴት ናት። ድንጋዩን አቅፋ ባሏን በስሙ እየጠራች ታለቅሳለች። ደነገጥኩ። እናቴ ትጣላታለች ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ ይልቅ ደግሞ፣ ልጄ አይደለም ማለት ነው ብላ ወደ ቤት ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ። እናቴ ብዙ ቆመች። ከዚያ ሄዳ ከሴትየዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ትንሽ ጠጋ በይልኝ፣ ልጄ» አለቻት።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት፣ ጠጋም አለችላት። አንዷ ባሏን፣ አንዷ ልጇን እየጠሩ በአንድ ክምር ላይ አለቀሱ። ዳቦውንም ቆርሰን አብረን በላን። ከማናቸውም አፍ «የማን ነው?» የሚል አልወጣም። እናቴ በተከታዩ ዓመት ሞተች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ የትልቅ ሰው መቃብር ስመለከት፣ ጀግንነቱ ተጽፎ፣ ስሙ ተቀርጾ ሳይ፣ እንደ ሰው መደነቅ አልቻልኩም። ያስጻፈው ማን ነው፣ ያወራውስ የት ቆሞ ነበር እላለሁ። እንግዳ የት እንደ ወደቀ አልሰማሁም፤ እሱም አንድ ቦታ ክምር ይኖረው ይሆናል፤ አንዲት እናትም ጀግና እያለች ታለቅስበት ይሆናል። የምወቅሰውም፣ የምከስሰውም ሰው አልቀረም። የቀረው ምሬቱ ነው፤ እሱን ሰው አይወርሰኝም።

ለእናቴ አለመናገሬን አልጸጸትበትም። ለናንተ የነገርኳችሁ ግን ወንድሜ በውሸት እንዲከበር ስለማልፈልግ ነው። ተሰማ ጦር አልወረወረም፤ ቡላ ፈረስም አልነበረውም። ገብሳችን ደርሶ ነበር፤ ሊያጭድልን ወደ ቤቱ ሲመጣ ነው የገደሉት።